ዋሱ እኔ ነኝ

የሙላውን ሞት የሰማሁት ዳባት መናኸሪያ፣ ከሚኒባሴ ሥር በጀርባዬ ተጋድሜ የላላ ብሎን ሳጠብቅ ነው። አንድ የመስመሩ ሾፌር ጎንበስ ብሎ፣ «በረኛው፣ ጭላዳው አረፈ አሉ» አለኝ። መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነበር። ሰው ሲሞት እንኳ በስሙ አይጠራም? እኔን በልጅነቴ ለደባርቅ ቡድን በር እጠብቅ ስለነበር ዛሬም በረኛው ይሉኛል። እሱን ደግሞ ተጫዋች ሳለ ጸጉሩን አሳድጎ፣ ሲሮጥ ከኋላው ይበተን ስለነበር በተራራችን ዝንጀሮ ስም ጭላዳው አሉት። ጸጉሩ ከረገፈ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ስሙ ግን እንደተጣበቀ ቀረ። ከመኪናው ሥር ቶሎ አልወጣሁም። እዚያ ሆኖ ማልቀስ ይቀላል፤ ፊትህ ቢርስም ዘይት ነው ይባልልሃል።

ያደግነው አንድ ሜዳ ላይ ነው። ሜዳው ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጉም ይውጠዋል። አንድ ጊዜ ጎል እንደገባብኝ ያወቅሁት ከማዶ በተሰማው ጭብጨባ ነው፤ ኳሷን ጭራሽ አላየኋትም። ተከላካዩ ሙላው ከጉሙ ውስጥ ወጣና ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ «አይዞህ፣ እኔም አላየኋት» አለኝ። ውሸቱን ነበር፤ አይቷታል። በሕይወቱ ከዋሻቸው ጥቂት ውሸቶች አንዷ እሷ ሳትሆን አትቀርም።

ኋላ አዲስ አበባ ሄዶ ለትልቅ ክለብ ተጫወተ። ስሙ በሬዲዮ ሲጠራ ደባርቅ ውስጥ ሥራ ይቆም ነበር። ለብሔራዊ ቡድን ሊጠራ ነው እየተባለ ሳለ ጉልበቱ ሄደ። ከዚያ በፊትም ያመው ነበር። ያዛወረው ደላላ ግን ለአዲሱ ክለብ «ልጁ ብረት ነው» ብሎ አስፈረመው፤ ክለቡም ባመመው ቁጥር መርፌ እያስወጋ አሰለፈው። አንድ ቀን በጨዋታ መሃል ሣሩ ላይ ቁጭ አለ፤ በዚያው አበቃ። «ማንም ሳይነካኝ እኮ ነው» ይል ነበር ነገሩን በተረከ ቁጥር። ክለቡ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ደውሎ አልጠየቀውም፤ እሱን ግን አያነሣውም። ማንም ሳይነካው መውደቁ ነበር ያልወጣለት።

በምርኩዝ ወደ ደባርቅ ከተመለሰ በኋላ ለረዥም ጊዜ ወደ ሜዳው ዝር አላለም። የተመለሰ ዕለት አዲስ ዐመል ይዞ መጣ፤ ሰው ሲያገኝ ፊቱን ከማየቱ በፊት ጉልበቱን ያያል። ከሩቅ የሚመጣውን ሁሉ በአረማመዱ ይለያል። «የዚያች ጎረቤትህ ግራ ዳሌ ታሟል፤ ሐኪም ያያት» ብሎኝ ነገሩ ልክ ሆኖ ተገኝቷል። የእኔንም ጉልበት እንደዚሁ ሲያይ እየተናደድኩ፣ «ሰላምታው ለእኔ ነው ወይስ ለጉልበቴ?» እለው ነበር። «አንተ መኪናህ መለዋወጫው ከጎንደር ይመጣል፤ የዚህ ከየት ይመጣል?» ይለኛል በምርኩዙ ጉልበቴን ነካ እያደረገ።

ኋላ ይህን ዓይኑን ይዞ ተጫዋቾችን መወከል ጀመረ። «ኤጀንት» የሚለውን ቃል ያመጡት ልጆቹ ናቸው፤ እሱ አልወደደውም። «ደላላ» ካሉት ደግሞ ያኮርፋል። «እኔ ሽማግሌ ነኝ» ይል ነበር፣ ገና ጎልማሳ ሳለ። ቀልድ መስሎን ነበር። ፈቃዱን አውጥቶ ማኅተሙን አስቀረጸ፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ልክ ሙሽራ ለማጨት እንደተላከ ሰው ነው። ጥሩ ተጫዋች ሲያይ ወደ ክለብ አይሮጥም፤ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወላጆቹ ነው። እሱም ብቻውን አይደለም፤ እንደ ሥርዓቱ ሦስት ሆነን ነው። አንዱ እሱ፣ አንዱ የሰፈራችን የቅኔ መምህር መሪጌታ ሀብቴ፣ ሦስተኛው ደግሞ መኪና ስላለኝ እኔ።

መሪጌታ በዕድሜያቸው ሙሉ የኳስ ጨዋታ አይተው አያውቁም። ግዛቸው የሚባለውን ልጅ ልንጠይቅ ወደ መንደሩ ወደ ደረስጌ ስንነሣ፣ «ለመሆኑ ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» አሉ።

«ተከላካይ ነው፣ መሪጌታ።»

«መሣሪያ ይይዛል?»

ሙላው ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «አይ፣ በባዶ እጁ ነው» አላቸው።

«እሱስ ደግ» አሉ መሪጌታ።

ግዛቸውን ያየነው በወረዳዎች ውድድር ላይ ለጃናሞራ ሲጫወት ነው። ኳሷ ከመምጣቷ በፊት የምትመጣበት ቦታ ቆሞ ይጠብቃታል። ሙላው ከአጠገቤ ቆሞ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። የወደደው ነገር ሲያጋጥመው ዝም ነው የሚለው። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ብቻ፣ «ይህን ልጅ ከእናቱ እንለምናለን» አለ። ሌሎች ልጆችም ነበሩት፤ ብዙ ልጆች። እንደ ግዛቸው አድርጎ የወደደው ግን አንድም አላየሁ።

የደረስጌን መንገድ ሚኒባሴ ስለማይችለው ደባርቅ አቆምኩት፤ መሪጌታን ጋቢና አስገብተን እኛ ከአይሱዙ ጭነት ላይ ወጣን። የልጁ እናት እትዬ ጥሩዬ ባላቸው ከሞተ ወዲህ በገብስ ማሳቸውና በጥቂት በጎቻቸው እሱን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ደጃቸው ደርሰን ቆምን።

«ኧረ ግቡ! ምነው በር ላይ ቆማችሁ? እንግዳ እንዲህ ይቆማል እንዴ!» አሉ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም። ቤታችሁ ይባረክ፣ አዝመራችሁ ይባረክ» አሉ መሪጌታ በመቋሚያቸው ተደግፈው።

እትዬ ጥሩዬ ግራ ገባቸው። የሚዳር ሴት ልጅ የላቸውም። «እኔ እኮ ያለኝ ይኸው እሱ ብቻ ነው» አሉ በር ጥግ ወደቆመው ግዛቸው እየጠቆሙ።

«እሱኑ ፈልገን ነው የመጣነው» አላቸው ሙላው።

መጀመሪያ ሳቁ፤ ወዲያው እንባቸው መጣ። ሙላው ነገሩን ሳያስውብ ነገራቸው። ከተማው ሰው እንደሚያሳስት፣ ክለብ ስትጎዳ እንደሚረሳህ፣ ከአሥሩ ልጆች ዘጠኙ ባዶ እጃቸውን እንደሚመለሱ። መሪጌታ በክርናቸው ጎሸም አድርገው፣ «ኧረ ቀስ በል፣ ልታስከለክለን ነው» ሲሉት ሰማሁ። እትዬ ጥሩዬ ግን ዓይናቸው ሙላው እግር ላይ ነበር።

«ልጄ፣ አንተስ ይህን እግርህን ምን አገኘው?»

«ኳስ ነው፣ እትዬ።»

ዞር ብለው ልጃቸውን አዩት። ከዚያ፣ «እንግዲያ ስሙኝ። ሀብት ያምጣልኝ አላልኩም። ልጄን በእግሩ ነው የምሰጣችሁ፤ በእግሩ ሄዶ ይምጣልኝ። ለዚህ ዋሱ ማነው?» አሉ።

ሙላው ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ዋሱ እኔ ነኝ» አለ። የተቀመጥነው ከዚያ በኋላ ነው።

በእኛ አገር ዋስ መሆን የአፍ ወግ አይደለም። ጋብቻ ሲታሰር፣ ጠብ ሲበርድ ዋስ የሆነ ሰው፣ ነገሩ የተበላሸ ዕለት መጀመሪያ የሚያዘው እሱ ነው። ሙላው ይህን ቃል ለወላጅም ለክለብም የሚለው በዚያው እጁ፣ በዚያው ድምፁ ነበር። አንድ ሌላ ሥርዓትም ከሽምግልናው ወስዷል። ልጁ ከመፈረሙ በፊት ሙላው ተነሥቶ ቆሞ የልጁን እንከን ይናገራል። «ይኸኛው በግራ እግሩ ኳስ አይነካም።» «ይኸኛው ቁጡ ነው፤ ዳኛ ይሳደባል።» «የዚህ እናት ከደወለች ልምምድ ጥሎ ይሄዳል።» የክለብ ሰዎች መጀመሪያ ሳቁበት፤ ኋላ ግን ከሌላው ወኪል ወረቀት ይልቅ የእሱን አፍ ማመን ጀመሩ። ጭላዳው ካለ አለ ነው ይባል ነበር።

ግዛቸውን ደባርቅ ቤቱ አስቀምጦ ትምህርቱን አስጨረሰው፤ ከዚያ ጎንደር ላለ አነስተኛ ክለብ ሰጠው። ለልጆቹ ሁሉ የሚላት አንድ ነገር ነበረችው፤ «መርፌ ይዘው ሲመጡ ሱሪህን እንዳታወልቅ። ለዋንጫ አይደለም ለመንግሥተ ሰማያትም ቢሆን!» መሪጌታ ይህን ሲሰሙ፣ «መንግሥተ ሰማያትንስ ተዋት» ይሉታል። እሑድ እሑድ ለእያንዳንዳቸው ይደውላል። አሸነፋችሁ ወይ ብሎ ሲጠይቅ አልሰማሁትም። የመጀመሪያ ጥያቄው፣ «ደረጃ ስትወርድ ያምሃል?» ነው። ዳገት ላይ ጉልበት አይናገርም፤ የሚናገረው ቁልቁለት ላይ ነው ብሎ ያስተማረኝ እሱ ነው።

አንድ እሑድ ግዛቸው ለዚያች ጥያቄ ቶሎ አልመለሰም። «አይ፣ ደህና ነኝ ጋሼ» አለ ዘግይቶ። ሙላው ስልኩን ዘጋና፣ «ዋሸኝ» አለኝ። በማግስቱ ጎንደር ሄደን ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። የቀኝ ጉልበቱ ጅማት ግማሹ ተበጥሷል። «ነገ ጨርሶ ሊበጠስ ይችላል። አሥር ዓመትም ሊያጫውተው ይችላል። ቀዶ ሕክምና አድርጎ ዓመት ቢያርፍ ይሻላል» አለ ሐኪሙ። ይህ የሆነው የአዲስ አበባ ክለብ ሊያስፈርመው ሰው በላከበት ሳምንት ነው።

«መጀመሪያ ልፈርም፤ ከዚያ እታከማለሁ» አለ ግዛቸው።

«ከፈረምህ በኋላ ማን ያሳርፍሃል?» አለው ሙላው። ልጁ አልመለሰም። ዝምታውን ሙላው እንደ እሺታ፣ ግዛቸውም የሙላውን ዝምታ እንደ እሺታ ቆጠሩት መሰለኝ።

ፊርማው የተዘጋጀው ጎንደር አንድ ሆቴል ውስጥ ነው። ሦስታችንም ሽማግሌዎች ገብተናል። የክለቡ ሐኪም ጠዋት ልጁን አይቶት ምንም አላገኘበትም። ሥራ አስኪያጁ የሙላውን ልማድ ያውቃልና እየሳቀ፣ «በሉ እንጂ፣ የልጁን እንከን ንገሩን!» አለ። ግዛቸው ብዕሩን ይዟል። ሙላው ተነሣ።

«የቀኝ ጉልበቱ ጅማት ግማሹ ተበጥሷል። አሳክማችሁ፣ አሳርፋችሁ ከወሰዳችሁት እንደ እሱ ያለ ተከላካይ አታገኙም። ሳታሳክሙ ልታሰልፉት ከሆነ ግን አልሰጣችሁም።»

ሐኪሙ ቀላ። ሥራ አስኪያጁ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ግዛቸው ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወደ ሙላው ዞረ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንቱ ነበር የሚለው።

«እኔ በሬ ነኝ? ገበያ አውጥተህ ነውሬን የምትናገረው በሬ ነኝ?»

ሙላው፣ «ለእናትህ ቃል...» ብሎ ጀመረ፤ ልጁ ግን ወጥቷል። የክለቡ ሰዎች እናስብበታለን ብለው ሄዱ። እስከ ዛሬ እያሰቡ ነው።

ከዚያ በኋላ ግዛቸው ሌላ ወኪል ያዘ፤ የሄደበት ክለብ ሁሉ ግን ጥያቄው አንድ ነው። «ጭላዳው ስለ ጉልበቱ የተናገረበት ልጅ አንተ ነህ?» ሌላ ሰው ተናግሮት ቢሆን ወሬ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። የሙላው ቃል ስለሚታመን ልጁን በየደረሰበት ቀድሞ በር ዘጋበት። ሙላው አዲስ አበባ የሚያክመው ሐኪም ፈልጎ አገኘለት፤ ልጁ፣ «በእሱ በኩል የመጣ ሐኪም አይነካኝም» ብሎ ላከበት። ወዲያው ጦርነቱ መጣ። ያ ያዘነበለ ሜዳችን የተፈናቃይ ድንኳን ሞላበት፤ ኳስ የሚባል ነገር ተረሳ። ነገሩ ረገብ ሲል ግዛቸው እናቱን ይዞ ወደ ደባርቅ መጣና በተራራው ፓርክ ዘበኛ፣ ስካውት የሚሉት፣ ሆኖ ተቀጠረ። ቡይት ራስ በሚባለው አፋፍ ላይ ጠመንጃ አንግቶ ተራራ ይጠብቃል። መሪጌታ ያን ጊዜ የጠየቁት ጥያቄ ትዝ አለኝ። አሁን መሣሪያ ይይዛል።

መንገድ ላይ ከሙላው ጋር ሲገናኙ ልጁ ወደ ማዶ ይሻገራል። ሙላው ቆሞ አካሄዱን ያያል። «እንዴት ነው?» እለዋለሁ። «ደልዳላ መንገድ ላይ አይታወቅም፤ ቁልቁለት ሲወርድ አላየሁትም» ይላል።

አንድ ማለዳ ጢሙን ተላጭቶ፣ ከተጫዋችነቱ ዘመን የቀረች ኮቱን ለብሶ ቤቴ መጣ። «ጎንደር አድርሰኝ» አለኝ። የድሮ የቡድን ጓደኛው አሠልጣኝ ሆኗል፤ ተከላካይ ፍለጋ ጎንደር መጥቷል። ዳባትን አልፈን ስንወርድ ሙላው አፉን ሲያንቀሳቅስ አየሁት፤ ለፈተና እንደሚያጠና ተማሪ። «የግዛቸው ጉልበት ድኗል። አይቼዋለሁ። ጉልበቱ ድኗል።»

«አይተኸዋል እንዴ?» አልኩት።

«ዝም ብለህ ንዳ» አለኝ።

አሠልጣኙ አቅፎ ሳመው። ሙላው ያጠናውን ሳያዛንፍ ተናገረ። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ እንዲሳካለት ተመኘሁ፤ ለምን እዋሻለሁ። «አንተ ካልክ ምን ቀረ? ነገ ይምጣ» አለ አሠልጣኙ። ከዚያ እንዲያው ለወጉ ያህል፣ እየሳቀ፣ «ዋሱ አንተ ነህ አይደል?» አለው።

ሙላው እጁን አነሣ። እጁ ደረቱ ላይ ደረሰ። አፉ ግን አልከፈት አለ። አሠልጣኙ ፈገግ ብሎ ጠበቀ፤ ቀስ በቀስ ፈገግታው ጠፋ። «ገባኝ ወንድሜ» አለና ሻይ አዘዘልን፤ ስለ ድሮ ጓደኞቻቸው ማውራት ጀመረ። ሙላው እጁን ከደረቱ ያወረደው ሻዩ ከመጣ በኋላ ነው።

ዳገቱን ተመልሰን ዳባት ደረስን። «የእናቱ ፊት መጣብኝ» አለ በመጨረሻ። «በእግሩ ሄዶ ይምጣልኝ ያሉት። እጄን ካስቀመጥኩ ወዲያ ሌላ ነገር አልታየኝም።» ወደ እኔ ዞሮ፣ «ለልጁ እንዳትነግረው። ሞከርኩልህ ብዬ መመጻደቅ አልወድም» አለኝ። እንደ ወንድሜ እወደው ነበር፤ ያን ቀን ግን መኪናውን አቁሜ ላንቀው ምንም አልቀረኝም። ወይ አትሄድ፣ ከሄድክ ጨርሰው!

የገደለው ኩላሊቱ ነው። ለዚያ ጉልበቱ ዕድሜውን ሙሉ ሲውጠው የኖረው የሕመም ማስታገሻ ነው አሉ። እጥበቱ ያለው ጎንደር ነው፤ መንገዱ ደግሞ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይዘጋል። መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን እኔው አደርሰው ነበር። በተዘጋ ቀን ቤቱ ሄጄ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ የሚጎበኘውን ሰው ሁሉ ከበር ሲገባ ጉልበቱን ያያል። የመጨረሻው ሳምንት መንገዱ ከዳባት ወዲያ ዝግ ነበር።

ቀብሩ ላይ ግዛቸው ከቡይት ራስ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ መጣ። ጠመንጃውን ለባልደረባው ሰጠና ማንም ሳይጠራው ትከሻውን ከሳጥኑ ሥር አስገባ። ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ ነው፤ እስከ ላይ ድረስ ለማንም ተራ አልለቀቀም። መሪጌታ ከካህናቱ ጋር ፍትሐቱን አደረሱ። ስንመለስ እትዬ ጥሩዬ ክንዴን ይዘው ይሄዱ ነበር። «አየኸው ልጄን?» አሉኝ። «በእግሩ። በእግሩ ነው የመለሰልኝ። ቃሉን ጠበቀ፣ ነፍሱን ይማረው።» ግዛቸው ከኋላችን ነበር፤ ሰምቷል።

ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሙላው አትንገረው ብሎኝ ነበር። የሞተ ሰው ምን ያደርገኛል አልኩና ነገርኩት፤ ጎንደርን፣ ኮቱን፣ በመንገድ ላይ ያጠናውን።

«ሊዋሽልኝ?» አለ።

«ሊዋሽልህ።»

«እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ?»

«አዎ።»

ወደ መሬቱ አቀረቀረ። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «ታዲያ ምን ነበረበት? አንዲት ቃል እኮ ነው የቀረችው» አለኝ። ተነሣ፣ ጠመንጃውን ተቀበለ፣ ከድንኳኑ ወጣ። ወደ ቡይት ራስ የሚመልሰው መኪና ታች አስፋልቱ ላይ ጥሩምባውን እያሰማ ነው። ከሙላው ደጅ እስከ አስፋልቱ ቁልቁለት ነው፤ ድንጋያማ፣ የቆመ ቁልቁለት። ግዛቸው በሩጫ ወረደው።

ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ ሙላው ያይ እንደነበረው አየሁ፤ ፊቱን ሳይሆን የቀኝ ጉልበቱን። አንድ ጊዜ፣ አንዲት እርምጃ እንኳ ቢያነክስ ወዳጄ ልክ ነበር እል ነበር። ሞቶም እንኳ ልክ እንዲሆንልኝ ፈልጌ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ልጁ ድንጋይ ከድንጋይ እየዘለለ አስፋልቱ ላይ ደረሰ፣ መኪናው ላይ ዘሎ ወጣ።

አላነከሰም።